ከዚህ ቤት አይጥፋ

የአማርኛ ጨዋታ ከየት ተነሥቶ፣ በማን ቤት አድሮ፣ በየትኛው መንገድ ከዛሬው የቡና ረከቦት ዙሪያ እንደ ደረሰ ለመተረክ የሚነሣ ሰው፣ ከነገሥታቱ አዳራሽና ከአዝማሪው ማሲንቆ በፊት ከቅኔ ቤት ጎጆ መጀመር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ሕዝባችን ሰው ሲወድቅና ሲሰናከል አይቶ ከመሣቅ ይልቅ ቃል ሲገለበጥ ሰምቶ መሣቅን እንደ ታላቅ ተድላ የቈጠረው፣ አንድ ቃል በአንድ ጊዜ ሁለት ልብስ ሊለብስ እንደሚችል የቅኔው መምህር ከጥንት ጀምሮ ስላስተማረው ነውና።

ሊቃውንቱ የቅኔን አባት ሲጠሩ ዮሐንስ ገብላዊን ያስቀድማሉ፤ ከእርሱም ቀጥለው የጎጃሙን ተዋነይን ያነሣሉ። ከእነርሱ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ሥርዓት፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ለመድረስ የሚደክመው ደቀ መዝሙር፣ ቀን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በየደጁ በእመቤታችን ስም ቍራሽ ሲለምን ይውላል። አንዱ ደጅ ውሻ ይለቅበታል፤ ሌላው ደጅ ደግሞ ትኩስ ቂጣ ይሰጠዋል። ማታ ከየኔታ ፊት ቅኔውን ቈጥሮ፣ ተነቅፎም ይሁን ተመስግኖ ወደ ጎጆው ሲመለስ፣ ያ የቀኑ መከራ፣ ማለት የውሻው ንክሻና የባልቴቲቱ ቍጣ፣ ከጓደኞቹ መካከል ሲነገር መከራነቱ ቀርቶ ጨዋታ ይሆናል፤ ለእራት የሚበቃ ነገር ባልተገኘበት ምሽት እንኳ ሣቅ ከዚያ ጎጆ ጠፍቶ አያውቅም። የየኔታ ቤት ደግሞ ቅርብ ነው፤ የሳር ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም። ስለዚህ ተማሪው አንደበቱን ሳያረክስ ማሣቅን፣ ነውር ሳይናገር ነገሩን እስከ ጥግ ማድረስን፣ ከግስና ከአገባብ ጋር አብሮ ይማረው ነበር።

የትምህርቱም ጠባይ ለዚህ የተመቸ ነው። በሰምና ወርቅ ላይ ላዩን የሚታየው ነገር ሰም ሲሆን፣ ውስጡ የተሠወረው ምሥጢር ወርቅ ነው፤ ኅብር በሚባለው መንገድ ደግሞ ያው አንዱ ቃል፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት፣ ሁለቱን ፍች ተሸክሞ ይገኛል። አንድ ተማሪ አምስትና ስድስት ዓመት ሙሉ ቃልን እንደ ሸማኔ ድር ሲዘረጋና ሲሸምን ከኖረ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ከገበሬ ጋር ሲያወራ፣ ከዳኛ ፊት ሲቆም፣ ከሠርግ ቤት ሲቀመጥ ያ ዓይኑ አይከደንም፤ ሰው ሁሉ እንደ ዋዛ የሚያልፈውን ቃል እርሱ ስንጥቁን ያይበታል። የአማርኛ ቀልድ በዚያ ስንጥቅ በኩል ገባ ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ከቈረቈሩ በኋላ፣ ከተማይቱ በአርባ አራቱ ታቦት ዙሪያ የተሰበሰቡ ሊቃውንትና ደባትር መናኸሪያ ሆነች። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ፣ በመቋሚያና በጸናጽል ሲያሸበሽብ ያደረ ካህን፣ ረፋድ ላይ ከዝክሩ ቤት ሲገባ አካሉ ቢደክምም ልቡ ቀላል ነው። ከፊቱ የቀረበው ዳቦና ጠላ እስኪባረክ፣ ቀጥሎም እስኪያልቅ ድረስ የሚነገረው ነገር ሁሉ፣ በግእዙና በአማርኛው መካከል እየተመላለሰ፣ ዜማውን ከስሕተቱ፣ ስሕተቱን ከባለቤቱ ጋር እያጣመረ የሚሄድ የሊቃውንት ጨዋታ ነበር። በሌላ በኩልም በዛፍ ጥላ ሥር በሚያስችለው ዳኛ ፊት፣ ተሟጋቾቹ በላ ልበልሃ ተባብለው በቃል ሲጋጠሙ፣ ከብት ሊጠብቅ የወጣው እረኛ ሳይቀር ከብቱን ትቶ ያዳምጥ እንደ ነበር ሽማግሎች ይናገራሉ። አዝማሪውም በየግብሩና በየጠጅ ቤቱ የራሱን ድርሻ አበርክቷል፤ ነገር ግን የአዝማሪ ነገር ራሱን የቻለ ሰፊ ታሪክ ስለ ሆነ እዚህ ላይ አልገባበትም።

ከዚህ ሁሉ የሊቃውንት ማዕድ መካከል፣ ስማቸው እንደ ምሳሌ የሚጠራ አንድ ሰው በ19ኛው መቶ ዘመን ተነሡ፤ እርሳቸውም የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ስለ እኒህ ሰው የሚጽፍ ሁሉ ቀልዳቸውን አስቀድሞ ሊቅነታቸውን ማስከተሉ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። አለቃ ገብረ ሐና በጎንደር ጉባኤ የተከበሩ፣ ፍትሐ ነገሥቱን የሚተረጉሙ፣ በቅኔውም በዝማሜውም የተመሰገኑ ሊቅ ነበሩ። ዛሬ በደብረ ታቦር የሚመሰከረውና በመላ ሀገሪቱ የታወቀው የተክሌ አቋቋም፣ እርሳቸው አፍልቀው ለልጃቸው ለተክሌ ያስተማሩት፣ በልጃቸውም ስም የተጠራ ሥርዓት ነው። የጣና ሞገድና በዳርቻው ያለው ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ ተመልክተው የካህናቱን እንቅስቃሴ በዚያ አምሳል ሠሩት ይባላል። በማኅሌት ላይ ተሰልፈው የሚዘምሙት ካህናት መቋሚያቸውን ይዘው በአንድነት ወደ ግራ ሲያዘነብሉና ወደ ቀኝ ሲመለሱ ያየ ሰው፣ ያንን የደንገል ጫካ በዓይነ ሕሊናው ማየት አያዳግተውም። የውሃን መወዛወዝ አይቶ ለዝማሜ ያዋለው ያው ዓይን ነው፣ የቃልን መወዛወዝ አይቶ ለሣቅ ያዋለው።

ከአለቃ ጨዋታዎች ሁሉ እኔ አብዝቼ የምወደውን ልተርክ። ተራኪው እንደ ሰሚው ሁኔታ የቤቱን ባለቤትና የማዕዱን ዐይነት ይለዋውጣል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው። አለቃ ከአንድ ቤት እራት ተጋብዘው ይሄዳሉ። ጧፉ በርቶ፣ እንግዳው ሁሉ በየመደቡ ተቀምጦ፣ እጅ ታጥቦ፣ መሶቡ ከጓዳ ወጥቶ ከመካከል ይቀመጣል። ባለቤቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጎንበስ ብላ የመሶቡን ክዳን ብድግ ስታደርገው፣ ከእንጀራው እጥፋት መካከል አንዲት አይጥ ዘላ ትወጣና በእንግዶቹ እግር ሥር ሾልካ ከጨለማው ትገባለች። ያየ አየ፤ ያላየ አላየም። ባለቤቲቱ ክዳኑን በእጇ እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች፤ አለቃ ግን ዓይናቸውን ከጧፉ ላይ ሳያነሡ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ባርከው ቈረሱ፤ ከሌላው ጋር አብረው በሉ፣ ጠጡ። ማዕዱ ሲነሣ እንደ ሥርዓቱ ምርቃቱ ለእርሳቸው ተሰጠ። ተነሥተው መስቀላቸውን ይዘው በሚያምር ድምፅ የቤቱን ባለቤቶች መረቁ፤ በመጨረሻም፦

«ከዚህ ቤት አይጥፋ!» አሉ።

እንግዳው ሁሉ «አሜን!» አለ።

አንባቢ ይህን ቃል በአፉ አንድ ጊዜ ይመላልሰው፤ አማርኛ የአፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ቃሉ ከማዕድ በኋላ በየቤቱ የሚነገር፣ እንጀራውም ወጡም በረከቱም እንዳይጐድል የሚለመንበት ምርቃት ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፣ አንዲት ድምፅ አልተጨመረችም። ነገር ግን ከመጨረሻው ቃል አራት ፊደል ሦስቱን ብቻ ሰምቶ ጥቂት ለቈየ ጆሮ፣ ከመሶቡ የወጣችው እንስሳ በምርቃቱ ራስጌ ላይ ቁጭ ብላ ትገኛለች። ያየው ሣቁን በነጠላው ሸፈነ፤ ያላየው በሙሉ ልቡ አሜን አለ፤ ባለቤቲቱም ከሁለቱ በወደደችው መንገድ መሄድ ትችላለች። ብትፈልግ ትሥቃለች፤ ባትፈልግ እንደ ምርቃት ተቀብላ አሜን ትላለች፤ ማንም ደግሞ አለቃ ምን ለማለት ፈልገው ነው ብሎ ሊመሰክርባት አይችልም። ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ጨዋታውን በእኔ ዘንድ ታላቅ ያደረገው። አንዲት ሴት በራሷ ቤት፣ በእንግዶቿ ፊት፣ ዓመት ሙሉ የምታፍርበት ነገር ደርሶባት ሳለ፣ ሊቁ ያንን እፍረት በምርቃት ጠቅልለው ከነእንግዳው ሣቅ መልሰው ሰጧት። ሽሙጥ ቢሆን ኖሮ በሩ ይዘጋባት ነበር፤ ጨዋታ ስለ ሆነ ግን በሩ ክፍት ነው።

አለቃ ያሣቁትን ያህል የተሣቀባቸውም ጊዜ እንዳለ አብሮ መነገሩ ደግሞ የባህላችን መልካምነት ነው። አንድ ማለዳ አህዮቿን እየነዳች ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት አግኝተው፣ «እንደምን አደርሽ፣ የአህዮች እናት?» ቢሏት፣ ሴትዮዋ ከመንገዷ ሳትቆም «እንደምን አደርህ፣ ልጄ!» ብላቸው አለፈች ይባላል። ይህን የመሰለ ተረት በብዙ አሕዛብ ዘንድ እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ወደ እኛ ሲመጣ ግን ሕዝቡ የሚሸነፈውን ሰው ሲመርጥ የጨዋታውን ራስ አለቃን መረጠ፤ ያሸነፈቻቸውም ቅኔ ቤት ያልዋለች፣ አህያ ነጂ ሴት ሆነች። ሕዝቡ የቀልድን ሥልጣን ለአንድ ሰው ጠቅልሎ አልሰጠም፤ የተነካ ሁሉ እንዲመልስ ፈቅዷል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነበሩት፣ ኋላም ዐፄ ምኒልክንና እቴጌ ጣይቱን የደረሱት አለቃ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር የተለዋወጡት ጨዋታ ተብሎ በሚነገረውም ውስጥ፣ ድሉ ብዙ ጊዜ የወይዘሮዋ ሆኖ ይገኛል።

አለቃ ካረፉ በኋላ የሆነው ነገር በዓለም ላይ ስመ ጥር ቀልደኛን ሁሉ የሚያጋጥም ነው፤ ባለቤት ያጣ ጨዋታ ሁሉ እየመጣ ከስማቸው ሥር ተጠጋ። ከሌላ ሀገር የመጣውም፣ ከሌላ ዘመን የተፈጠረውም፣ ከጠጅ ቤት የተነሣው ብልግናም ሳይቀር የአለቃ ተባለ። በመጨረሻው ላይ ዝም ማለት አልችልም። ፍትሐ ነገሥት የተረጐመና ማኅሌት ያቀና ሊቅ፣ ልጅ ፊት ሊነገር በማይችል ነገር ብቻ ሲታወስ፣ የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ከምርቃት ውስጥ ሣቅ የሚያወጣው ያ ረቂቅ ጥበብ ከልጆቻችን ይሠወራል።

ምኒልክ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ከቈረቈሩ በኋላ፣ ዘመኑ የማተሚያ መኪናና የጋዜጣ ዘመን ሆኖ መጣ፤ ጨዋታም ከማዕድ ተነሥቶ ወደ መድረክ የሚወጣበት ቀን ቀረበ። በልጅነታቸው ዐድዋን ያዩት፣ ቀጥሎም ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛን ትምህርት ያጠኑት፣ በመጨረሻም በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም. ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ። በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል የተጫወተው ይህ ሥራ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ሆኖ ይቈጠራል። አስተዋይ አንባቢ ልብ ይበል፤ የቴአትር ታሪካችን በር የተከፈተው በኀዘን ጨዋታ ሳይሆን አውሬዎች እንደ ሰው ሲናገሩ በሚያሣቅ ጨዋታ ነው። አውሬዎቹ የተናገሩት ግን የመኳንንቱን አስተዳደር የሚነካ ነበርና ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ከቅኔ ቤት የወጣው ሰም ለመድረክ ሲሰፋ ሳይሳሳ አልቀረም፤ ወርቁ ከሩቅ ይታይ ነበር። ጥቂት ቃል በጧፍ ብርሃን ሲነገር የሚያልፈው ነገር፣ በአደባባይ ብርሃን ሲነገር ተጠያቂ ሆነ።

በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከድንበር ሲያንዣብብ፣ ሕዝቡን ለሀገሩ ለማነሣሣት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። የወረራው አምስት ዓመት ስለ ጨዋታ የሚነገርበት ዘመን አይደለም። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ግን ያ የንግግርና የቅስቀሳ መድረክ የዘፈንና የቴአትር ቤት ሆኖ አደገ፤ ሕዝቡም ከኀዘኑ በኋላ መሣቅን ናፍቆ ኖሮ ወደዚያ ጐረፈ። በዚያ ዘመን ሴት በመድረክ ላይ ወጥታ መጫወቷ ገና ያልተለመደ ስለ ነበር፣ የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰውና ሻሽ አስረው ይጫወቱት ነበር። ከእነርሱም አንዱ በ1915 ዓ.ም. የተወለደው ወጣቱ ተስፋዬ ሣህሉ ነው። ይህ ወጣት ኮሪያ ለዘመተው ለቃኘው ሻለቃ ጦር ጨዋታ ሊያሳይ ባሕር ተሻግሯል። ከሀገሩ እጅግ ርቆ፣ በብርድ መሬት ላይ፣ ከሞት ጋር ለሚተያይ ወታደር በገዛ ቋንቋው የሚነገር አንድ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚያውቀው ያ ወታደር ብቻ ነው። ስለ ተስፋዬ ሣህሉ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

የንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት፣ መድረኩ ሰፋ፤ ባለ ቅኔዎቹም ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ሀገር ትምህርታቸውን እየጨረሱ ተመለሱ። ከመካከላቸው በሣቅ ታሪካችን ላይ ትልቁን አሻራ የተዉት አቶ መንግሥቱ ለማ ናቸው። በለንደን የተማሩ ሰው ቢሆኑም፣ አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩና፣ ጨዋታን ገና ከእናታቸው ጡት ጋር የጠጡት ከዚያው ከማዕዱ ነው። «ያላቻ ጋብቻ» በተባለው ኮሜዲያቸው፣ ከውጭ ሀገር ተምሮ የመጣ የመኳንንት ልጅ ማዕረጉን ትቶ ገጠር ገብቶ ሲያስተምር፣ ከዚያም በላይ የቤት ሠራተኛይቱን ላግባ ሲል፣ ዘመዶቹ የሚሆኑትን አሳዩ፤ «ጠልፎ በኪሴ» በተባለው ደግሞ የከተማ ጐረምሶች የጥንቱን የጠለፋ ልማድ ሊሠሩበት ሲነሡ የሚደርስባቸውን። በሁለቱም ውስጥ የሚሣቀው በድሃይቱና በደካማይቱ አይደለም፤ የዘር ትምክሕትና ያለ ዕድሜው የቈየ ልማድ ናቸው የሚሣቅባቸው። ይህ ምርጫ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ነገር ግን አቶ መንግሥቱ ከቴአትሮቻቸው ባልተናነሰ የሚመሰገኑበት አንድ ሥራ አለ። የአባታቸውን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው ጽፈው፣ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» በሚል ስም አሳትመውታል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የቅኔ ተማሪው ረኀብና ስደት፣ የየኔታዎቹ ጠባይ፣ የመኳንንቱ ነገር ሁሉ፣ አንድ ሽማግሌ ለልጁ በሚነግርበት ያልተቸኰለ አማርኛ ተቀምጧል። ልጅ ከአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ሌላ ማንም ሊሰበስበው የማይችለውን የአንድ ዘመን ጨዋታ በብዕር ሲለቅም ማሰብ እንዴት ደስ ያሰኛል! ብዙ አባቶች ያንን የመሰለ ሀብት ይዘው ወደ መቃብር ወርደዋል፤ ልጆቻቸው አጠገባቸው ነበሩ፤ ብዕሩ ግን አልነበረም።

በ1957 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ጣቢያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ከዚያው ዓመት ጀምሮ በሕፃናቱ ሰዓት ብቅ ያሉት ያው ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ የነበሩት፣ ወደ ኮሪያም የዘመቱት ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው፤ አሁን ግን ሀገር ሁሉ አባባ ተስፋዬ ይላቸዋል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈሩ አንድ ወይም ሁለት በነበረበት ዘመን፣ ሰዓቱ ሲደርስ የመንደሩ ልጅ ሁሉ እግሩን ታጥቦ ከዚያ ቤት ደጅ ይሰበሰባል፤ ቀድሞ የደረሰው ከምንጣፉ ላይ፣ የዘገየው ከደፉ ላይ፣ ጭራሽ የዘገየው በመስኮት በኩል ተንጠራርቶ ያያል። እርሳቸውም ከመስተዋቱ ውስጥ ሰላምታ ሲሰጡ፣ ልጆቹ ከዚህ ማዶ ቆመው በአንድ ድምፅ ይመልሱላቸው ነበር፤ እንደሚሰሟቸው አይጠራጠሩም። ከአርባ ዓመት በላይ ተረቱን፣ ጨዋታውን፣ የአራዊቱን ድምፅ እየለዋወጡ አንድ ትውልድ አሳድገው ሌላ ትውልድ ተቀበሉ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ የቀበራቸው ሽማግሌም ጐልማሳም በአንድነት የእርሳቸው ልጅ ነበር።

የደርግ ዘመን በጨዋታ ላይ ያደረገውን ባጭሩ ላንሣ። ቀልድ አልጠፋም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በሰልፍና በስብሰባ የዋለ ሰው ማታ በሩን ዘግቶ፣ ራዲዮውን ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ ከሚያምነው ወዳጁ ጋር የሚለዋወጠው ጨዋታ ነበር፤ ሰምና ወርቁም እንደ ገና ሥራ አገኘ። ከዚያ ዘመን በኋላ፣ በተከተሉት ዓመታት፣ ጨዋታ በካሴት ክር ላይ ተጠቅልሎ ወደ ገበያ ወጣ። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ሁለት ሁለት ሆነው ሲጫወቱ፣ ድምፃቸው በየሻይ ቤቱና በየታክሲው ይሰማ ነበር። አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ መላሽ ሆኖ መቆም ከጥንቱ የሙግት አደባባይ የወረደ ሥርዓት መሆኑን የሚያስብ ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ ጆሮ ግን ያውቀዋል፤ ሕዝቡም በዚያ የወደዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

እነሆ ታሪኩ ወደ ዛሬ ደርሷል፤ እኔም ያየሁትን ልንገር። በዚህ ዓመት በበዓለ ኀምሳ ውስጥ፣ ከእናቴ ታላቅ እኅት ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቄጤማው ተጐዝጕዞ፣ ዕጣኑ እየጤሰ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ ሰባት ዓመት የሞላት የልጅ ልጃቸው ከመካከላችን ቆመችና፣ ጨዋታ አውቃለሁ አለች። ከትምህርት ቤት የሰማችው መስሎን ነበር፤ ለካ ከአያቷ ነው። የአለቃን እራት ጀመረች። መሶቡን በእጇ ከፈተች፤ አይጧን በጣቶቿ በምንጣፉ ላይ አስሮጠች፤ የባለቤቲቱን መደንገጥ ዓይኗን አፍጥጣ አሳየች፤ ይህን ሁሉ እጅግ አሳምራ ነበር። ከምርቃቱ ላይ ስትደርስ ግን፣ ሣቁ እንዳያመልጠን ሠግታ፣ «ከዚህ ቤት አይጥ…» ብላ ቆም አለችና፣ «ፋ!» ስትል ጨረሰች።

ሣቅን፤ ልጅ ናትና። አያቷ ግን አልሣቁም። ስኒውን ከረከቦቱ ላይ አኑረው፣ ልጅቱን በትከሻዋ ይዘው ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጓትና፣ «አይደለም፣ የኔ እናት፤ አትቁረጪው» አሏት። «አለቃ እኮ እየመረቁ ነው። አንቺም መርቂ። አይጧን አንቺ አትጥሪያት፤ እነሱ ራሳቸው ይፈልጓት።»

ልጅቱ ጥቂት አሰበች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለብቻዋ ሁለት ጊዜ ሞከረችው። ከዚያም ቀና ብላ፣ እንደ ካህን እጇን ዘርግታ፣ ፊቷን አክብዳ፣ በአንድ ትንፋሽ «ከዚህ ቤት አይጥፋ» አለች፤ ሽማግሌዎቹም ሁሉ፣ ባለቤቲቱ ራሳቸው ቀድመው፣ «አሜን» አሉ።